ካርታው በማን እጅ ነው? የሴቶች ጉዞ በስዊድን ተራሮች

ስቶክሆልም ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ሴቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ከመካከላችሁ ሌሊቱን አረጋውያን ቤት ተረኛ ሆናችሁ አድራችሁ፣ ጥቂት ብቻ ጋደም ብላችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ዛሬ የማወራችሁ በስዊድን ሰሜን ጫፍ፣ ከጎጆ ጎጆ እያደሩ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ ነው፤ በተለይም ሴቶች ብቻ ሆነው በሴት መንገድ መሪ ስለሚሄዱት። መጀመሪያ እንደ ማንኛዋም ተጓዥ ከፍዬ ሄድሁ፤ አሁን በጋ በመጣ ቁጥር ለመሪዋ ረዳት ሆኜ እወጣለሁ። የተራራውን ውበት ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም፤ ፎቶው በየስልካችሁ አለ። እኔን እዚህ ያቆመኝ መንገድ ላይ ያየሁት ነገር ነው።

ወንድና ሴት ተቀላቅለን ከሄድንበት ጉዞ ልጀምር። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ወንዶቹ ካርታውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ፤ እኛ ሴቶቹ ቦርሳችንን አውርደን ቴርሞሱን ከፈትን። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሁሉም ጨዋና መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹም አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እኩልነት እየተነገራቸው ያደጉ ናቸው። ሆኖም ቡናው ወደ ሴቶቹ፣ ካርታው ወደ ወንዶቹ በራሱ ጊዜ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ቀንም እንደዚያው ቆየ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሬ ሄጄ፣ ስመለስ "በየት በየት አለፋችሁ?" ብባል መልስ አልነበረኝም። ከፊቴ ያለውን ሰው ቦርሳ ስከተል ነው የሰነበትኩት።

በሴቶቹ ጉዞ ሥርዓቱ ሌላ ነው። መሪዋ ጠዋት ጠዋት ለአንዷ "ዛሬ ተራሽ ነው" ትላታለች። ካርታውና ኮምፓሱ የዚያች ሴት ይሆናሉ፤ መሪዋ ወደ ኋላ ቀርታ ከሁሉም መጨረሻ ትሄዳለች። ለእረፍት በቆምን ቁጥር ባለተራዋ ጣቷን ካርታው ላይ አሳርፋ "ያለነው እዚህ ነው" ትላለች፤ ለምን እንዳለችም ታስረዳለች። በግራ ያለው ሐይቅ የትኛው ነው? የተሻገርነው ድልድይ ካርታው ላይ የት አለ? ቡናማዎቹ መስመሮች የተጠጋጉበትን ዳገት አልፈነዋል ወይስ ገና ከፊታችን ነው? የያዝነው ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሂሳቡ ከወጥ ቤት ሂሳብ አይከብድም። ከባዱ ነገር አፍን ሞልቶ "እዚህ ነን" ማለት ነው። ብዙዎቻችን መልሱን እያወቅን "ይመስለኛል"፣ "ምናልባት" እያልን ነው የምንጀምረው። በሦስተኛው ቀን "ይመስለኛል" እየጠፋ ይሄዳል። ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን መንገዱን ላስተዋውቃችሁ። ኩንግስሌደን ይባላል፤ የንጉሥ መንገድ እንደ ማለት ነው። ሙሉው ከአቢስኮ እስከ ሄማቫን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እኛ የምንሄደው ሰሜናዊውን ክፍል፣ ከአቢስኮ እስከ ኒካሉኦክታ ያለውን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስቶክሆልም የሌሊት ባቡር ተሳፍራችሁ ትተኛላችሁ፤ ባቡሩ በማግስቱ አቢስኮ፣ መንገዱ የሚጀምርበት ደጃፍ ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም። የመጀመሪያው ቀን 15 ኪሎ ሜትር ያህል በወንዝ ዳር፣ በአጫጭር የበርች ዛፎች ውስጥ አቢስኮያውሬ ጎጆ ድረስ ነው። ሁለተኛው ቀን ረጅም ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ዛፉ ያልቅና ሰማዩ ይከፈታል፤ ሐይቁን ይዛችሁ አሌስያውሬ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ቼክትያ፣ ሴልካ፣ ሲንጊ፣ ቀጥሎ ኬብነካይሴ፣ በመጨረሻ ኒካሉኦክታ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ቼክትያ ላይ ያለው በር፣ ማለትም በተራሮች መካከል የሚታለፍበት ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር አልፎ ትንሽ ከፍ ይላል።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ በዚህ ቁጥር አትታለሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ባሕር ዛፍ ይበቅልበታል፤ አቢስኮ አካባቢ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር ያቆማል። በሐምሌ አጋማሽ የበረዶ ክምር ላይ ትረግጣላችሁ፤ በነሐሴ በአንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ፣ ዝናብና በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ይመጣል። ለዚህ ነው ከውስጥ የምትለብሱት ሱፍ ይሁን ብዬ የምለምናችሁ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሙቀታችሁን ይዞ ይሄዳል።

እና ያ መሬት ባዶ አይደለም። የቦታዎቹ ስሞች የሳሚ ሕዝብ፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ስሞች ናቸው፤ የሚያረቧቸው ሬንዲሮች፣ የብርድ አገር አጋዘኖች፣ የሚግጡት እዚያው ነው። አሌስያውሬ ጎጆ አጠገብ የበጋ መንደራቸው ይታያል፤ ሐይቁ ላይ በጀልባ የሚያሻግሩትም እነሱ ናቸው፣ እግር ለደከማት ትልቅ እፎይታ ነው። መንጋ ሲመጣ ቁጭ ትላላችሁ፤ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ አትጠጉም። ከሰው ደጅ እንዳለፋችሁ ሆናችሁ እለፉ። ስዊድን ውስጥ በተፈጥሮ ውስጥ እንደ ልብ የመሄድ መብት ከ1994 ጀምሮ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ እንግዳም ሆነ ዜጋ፣ ወረቀት ያላትም ሆነ ወረቀቷን የምትጠብቅ፣ መሬቱን ለመርገጥ ማንንም አታስፈቅድም። ይህንን እዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ኖረው የማያውቁ ብዙ እህቶች አሉን።

በዚሁ መንገድ ላይ የዳግ ሐመርሾልድ ቃላት የተቀረጹባቸው ድንጋዮች አሉ፤ የጸጥታ መቀመጫዎች ናቸው። ሐመርሾልድን የእናቶቻችን ትውልድ ያውቀዋል፤ ከ1953 እስከ 1961 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነበር። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በእሱ ዘመን ነው። ተራራ ወዳድ ሰው ነበር፤ ጎጆዎቹን በሚያስተዳድረው፣ በ1885 በተመሠረተው የስዊድን የቱሪስት ማኅበር አመራር ውስጥም አገልግሏል። እዚያ ድንጋይ ላይ አረፍ ስትሉ ይህን አስታውሱ፤ ቦታው ከእኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም።

ወደ ካርታው ልመለስ። አንድ ቀን ከአሌስያውሬ ወደ ቼክትያ ስንወጣ ጭጋግ ወረደብን። ከፊት ያለችውን ጃኬት ካልሆነ በቀር ምንም አይታይም። መሬቱ ላይ የበረዶ ክምር ስለነበር የእግር መንገዱ እየታየ ይጠፋል። የዚያን ቀን ባለተራዋ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት የኛው ሰው ነበረች፤ ሁላችንም፣ ስዊድናውያኑም ጭምር፣ "እትዬ" ነው የምንላት። ጠዋት ካርታውን ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጭጋጉ መሀል ረጅም እንጨት ላይ የተሰካ ቀይ የመስቀል ምልክት ታየን፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ወደዚያ ገሰገስን፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ታየ። እትዬ ቆመች። "ቆዩ" አለች። ካርታውን አየች፣ ወደ መሬቱ ጎንበስ አለች፣ እንደገና ካርታውን አየች። "ይሄ የበረዶ ጊዜ መንገድ ነው፤ ወደ ውኃው ነው የሚወስደን" አለች።

ልክ ነበረች። ቀዮቹ መስቀሎች በበረዶ ወቅት በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ለሚሄዱ ሰዎች የተተከሉ ናቸው። ሐይቁና ረግረጉ ያን ጊዜ ድንጋይ ስለሚሆን መንገዱ በላዩ ያልፋል። የበጋው መንገድ ምልክት ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም ነው፤ ዝቅ ብለሽ ካልፈለግሽው አይታይሽም። እትዬ መጨረሻ ቀለም ወዳየንበት ድንጋይ መለሰችን፤ አንዷ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆማ ሌሎቻችን በድምፅ ርቀት ተበትነን ቀጣዩን ፈለግን፣ አገኘነው። መሪዋ ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ ቆማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ስጠይቃት ስሕተቱን ቀድማ አይታዋለች፤ ሐይቁ ሩቅ ስለነበር ዝም አለች። አንድ ወንድ ከመካከላችን ቢኖር ኖሮ፣ በደግነት ነው የምለው፣ "አምጪው እስቲ ልየው" ይል ነበር፤ እትዬም ትሰጠው ነበር። በዕድሜዋ ሙሉ ስትሰጥ ነው የኖረችው።

"ሴቶች ብቻ ለምን?" ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ወንድ ስለሚያስፈራ አይደለም፤ መንገዱ ለሴት እንዲቀልም አይደለም። ድንጋዩ ያው ነው፣ ቦርሳው ያው ነው፣ ኪሎ ሜትሩም ያው ነው። የምትሰጪው ሰው ስለሌለ ካርታው አንቺ ጋ ይቀራል።

ተራራውን የወንድ ቦታ አድርጎ ማየትም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ለብዙ መቶ ዓመታት በጋ ሲመጣ ላሙንና ፍየሉን ወደ ደጋው የግጦሽ ሰፈር ይዘው የሚወጡት ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ታች ሣርና እህል ሲያጭዱ፣ ሴቶቹ፣ ብዙ ጊዜም ያላገቡ ወጣት ልጃገረዶች፣ ላይ ከርመው ያልባሉ፣ ቅቤ ይንጣሉ፣ አይብ ይሠራሉ፤ ሌሊት አውሬ ይጠብቃሉ። ከብቱን የሚጠሩት ተራራ ለተራራ በሚሻገር ቀጭን ከፍተኛ ዜማ ነው። ጭጋግ ምን እንደሚያመጣ፣ ወንዙ በየት እንደሚሻገሩት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ዩኔስኮ ይህን የግጦሽ ሰፈር ባህል በ2024 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ የከተማ ጌቶች ተራራን ለስፖርት መውጣት ጀመሩና ታሪኩ በእነሱ ስም ተጻፈ። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ቴሬሴ ቤርቶ የተባለች ኖርዌያዊት መምህርት በ1894 ስቱሬ ስካጋስቶልስቲንድ የተባለውን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ የሆነ ገደላም ጫፍ በመውጣት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ሴት ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ስለ ተራራ ሲጽፉ የሷን ስም ስጧቸው።

ስለ ጎጆዎቹ ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሆቴል የምትጠብቅ ሰው ታዝናለች። በመንገዱ መሀል ባሉት ጎጆዎች መብራት የለም፣ ሻማ ነው። ቧንቧ የለም፣ መታጠቢያ የለም፤ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። የሚያስተናግደው ሰው ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ፣ ጥቂት ሳምንታት ሊያገለግል የመጣ ሰው ነው፤ ሥራው አልጋችሁን ማሳየት፣ የነገውን የአየር ሁኔታ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ስማችሁንና ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ መመዝገብ ነው። የቀረው ሁሉ የእንግዳው ሥራ ነው። ባልዲ ይዛችሁ ከወንዝ ውኃ ትቀዳላችሁ፤ የንጹሑ ውኃ ባልዲና የቆሻሻው ባልዲ ለየብቻ ነው፣ አይቀላቀሉም። እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ምድጃ ታነድዳላችሁ፤ የበላችሁበትን ታጥባላችሁ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ወለሉን ጠርጋችሁ፣ ባልዲውን ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ማታ ደክሟት ለምትደርሰው ሌላ ሴት።

ይህን ስነግራቸው "ኧረ እኛ ይሄን ትተነው ነው የመጣነው!" የሚሉኝ እናቶች አሉ። እውነት ነው፤ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ሥራው የሁሉም ነው። ዳይሬክተሯም ትቀዳለች፣ ፕሮፌሰሯም ትጠርጋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የቤት ሥራ ሌላው ሲቀመጥ የምሠራው ነበር። ሁሉም እኩል ሲሠራው ድካሙ ግማሽ እንደሚሆን ያወቅሁት አሌስያውሬ ነው። መጥረቢያ ይዛ የማታውቅ አንዲት ጠበቃ እንጨት መፍለጥ ያስተማረቻት እትዬ ናት፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ይደዋወላሉ።

ኖርዌይ ብትሄዱ ዓይነቱ ይለያል። የኖርዌይ የተጓዦች ማኅበር በ1868 የተመሠረተ ነው፤ እንደ ዮቱንሃይመን ባሉ ተራሮች ሙሉ እራት የሚያቀርቡ፣ አስተናጋጅ ያላቸው ትልልቅ ቤቶች አሉት። አባላት በጋራ ቁልፍ የሚከፍቷቸው፣ ጓዳቸው ምግብ የሞላ፣ የበላሽውን ራስሽ መዝግበሽ የምትከፍዪባቸው ጎጆዎችም አሉት። ማንም የሚቆጣጠርሽ ሳይኖር መተማመን ብቻ የሚያስተዳድረው ጓዳ ማየት ደስ ይላል። መንገዶቹ በቀይ ቀለም የ"ቲ" ፊደል በተጻፈባቸው ድንጋዮች ይመራሉ።

ሳውናውን፣ በሙቀት የሚታላበበትን ክፍል፣ ሁላችሁም በጓዳ ትጠይቁኛላችሁ፤ ዛሬ በአደባባይ ልመልሰው። አቢስኮያውሬ፣ አሌስያውሬና ሴልካ ሳውና አላቸው። ሰዓቱ የተከፋፈለ ነው፤ የሴቶች ሰዓት አለ፣ የወንዶች አለ፣ የድብልቅም አለ። በሴቶቹ ሰዓት ወንድ አይገባም። ፎጣ አገልድማ የምትገባ አለች፣ ያለ ምንም የምትገባ አለች፤ የሚያይሽም የሚታዘብሽም የለም። ስትወጪ ቀዝቃዛው ውኃ ደጅ ላይ ነው። ሂጃብ የምትለብስ እህታችን ለብዙ ዓመት ከቤቷ ውጭ ፀጉሯን ፈትታ ተቀምጣ እንደማታውቅ ነግራናለች፤ የዚያን ቀን ማታ ከሁላችንም መጨረሻ የወጣችው እሷ ነበረች።

የወር አበባም እንደዚሁ ነው። በመንገድ ላይ ቢመጣ ምን አደርጋለሁ ብላችሁ አትቅሩ። የሚዘጋ ትንሽ ከረጢት ትይዣለሽ፤ የተጠቀምሽበትን ይዘሽ ትመለሻለሽ እንጂ መሬት ላይ አይጣልም። ሽንት ቢመጣ ከድንጋይ ጀርባ ትሄጃለሽ፤ ቡድኑ ሁሉ ሴት ስለሆነ "ቆዩኝ" ማለት ብቻ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ይህን ማለት አፍረው ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጡ ሴቶች በድብልቅ ጉዞ አይቻለሁ። ውኃ ያልጠጣች ሴት ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማታል፣ እግሯ ይሰናከላል።

አሁን ወደ ምግቡ። የጉዞው ዋና ወቅት ከነሐሴ ጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጣጠማል፤ ለብዙዎቻችሁ ትልቁ ጥያቄ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ። መልካሙ ዜና የእኛ ስንቅ ለዚህ የተፈጠረ መሆኑ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፤ ሁሉም ደረቅ፣ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ የጾም። ስዊድናውያኑ በውድ የሚገዙትን የደረቀ ምግብ በሙቅ ውኃ ሲለውሱ እኛ በሶ በጥብጠን ጨርሰናል። ድርቆሹን በበርበሬና በዘይት ፍርፍር አድርገን ስናቀርብ ጎጆው ሙሉ ሰው ማንኪያ ይዞ መጥቷል። ሱቅ ያላቸው ጎጆዎች ፓስታ፣ ምስርና ደረቅ ዳቦ ይሸጣሉ፤ ቼክትያና ሲንጊ ግን ሱቅ የላቸውም፣ ስለዚህ ከሴልካ ስትነሱ የሁለት ቀን ያዙ።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍ ሳይሟሽ መቆየትና የቼክትያን በር መሻገር አብረው አይሄዱም። ባዶ ሆድ፣ ነፋስና ዳገት ሰውን በድንገት ይጥላሉ፤ የምትወድቅ ሴት ደግሞ ሌሎቹንም ታቆማለች። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ለመንገደኛና ለደካማ ሥርዓት አለ፤ እሳቸው ያውቃሉ።

ስለ መመለስ ላውራ፤ ከካርታው ቀጥሎ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ኬብነካይሴ የስዊድን ረጅሙ ተራራ ነው። ሁለት ጫፍ አለው። ደቡባዊው ጫፍ በረዶ ስለሆነ እየቀለጠ ሄዶ ከ2019 ጀምሮ ድንጋይ ከሆነው ሰሜናዊ ጫፍ አንሶ ተለክቷል። ሰሜናዊው 2,096 ሜትር አልፎ ይቆማል። ሰዎች የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ደቡባዊውን ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በምዕራቡ መንገድ ስትሄዱ መጀመሪያ ቪየራንቫሪ የሚባል ሌላ ተራራ ወጥታችሁ፣ ካፌዳለን የሚባል ሸለቆ ትወርዱና እንደገና ወደ ጫፉ ትወጣላችሁ። የወጣችሁትን መልሶ መውረድ ልብ ያደክማል።

በአንዱ ጉዞ ቪየራንቫሪ ላይ ደርሰን ቆምን። ነፋሱ ቀጥ ብሎ አያስቆምም፤ ጫፉ በደመና ተሸፍኗል፤ ከመካከላችን የአንዷ ጉልበት ማበጥ ጀምሯል። ድንጋይ ተከልለን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መሪዋ "እኔ እወስናለሁ" አላለችም፤ ያለውን ሁኔታ አስረድታ አንድ በአንድ ጠየቀችን። ከስድስት ወር በላይ ለዚያ ጫፍ የተለማመደች ሴት ነበረችበት፤ ዕንባዋ መጣ። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ "እንመለስ" ያለችው ራሷ ናት። ተመለስን። ታች ስንደርስ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ።

ኖርዌያውያን በ1952 የተጀመሩ ዘጠኝ የተራራ ሕጎች አሏቸው። በ1967 የፋሲካ ሰሞን አሥራ ስምንት ሰዎች በተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ አገሩ ሁሉ እንዲያውቃቸው ተደረገ። ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም ይላል። ለእኛ ይህ ከባድ ሕግ ነው። ጀምሮ መተው እንደ ውርደት ይቆጠርብናል፤ ቤት ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ትዳር ውስጥም ሰውነታችን "በቃ" እያለን ስንቀጥል ኖረናል። ድምፅ ብልጫ ሳይጫናት፣ ማንም "ትንሽ ነው የቀረን" ብሎ ሳይጎትታት፣ ሴት ልጅ "እንመለስ" ብላ ሁሉም ሲከተላት ማየት ለኔ ጫፉን ከመርገጥ ይበልጥብኛል።

ለደህንነታችሁ፦ አብዛኛው መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም። ጎጆዎቹ ጋ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ፤ ኔትወርክ ባለበት 112 ነው። በስዊድን የተራራ ነፍስ አድን ሥራ የፖሊስ ኃላፊነት ነው፤ ፖሊስ መጣ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ሊረዳችሁ ነው የመጣው።

ከመካከላችን በረሃ ያቋረጡ አሉ። ሱዳንን፣ ሰሃራን፣ ሊቢያን። ስለ እግር ጉዞ ሳወራ ፊታቸው የሚለወጥ እህቶችን አይቻለሁ፤ አንዷ ከጉዞው በፊት ነግራኝ ነበር፤ እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ከአውቶቡስ ፌርማታ በላይ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። ቦርሳ ተሸክሞ በመስመር መሄድ ምን እንደሚያስታውሳት አስረዳችኝ። እንድትመጣ አልገፋኋትም፤ ማንንም እንዳትገፉ። በሁለተኛው ዓመት ራሷ መጣች። መጀመሪያ ቀን ከመሪዋ አጠገብ አልራቀችም፤ ውኃ ባየች ቁጥር ጎንበስ ብላ በእጇ እየጨለፈች ትጠጣ ነበር፣ ባይጠማትም። እዚያ የወንዙ ውኃ እንዳለ ይጠጣል። ካርታው የደረሳት አራተኛው ቀን ላይ ነው፤ ከሴልካ ወደ ሲንጊ፣ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ። የት እንደምንሄድ፣ መቼ እንደምናርፍ፣ መቼ እንደምንነሳ የወሰነችው እሷ ናት። ስንደርስ ያለችኝን ለራሷ ልተወው፤ እኔ ግን ይህን ጉዞ ለእናንተ ለመንገር የወሰንኩት የዚያን ቀን ነው።

ዋጋውን አልደብቃችሁም፤ ከመሪ ጋር የሚደረግ ጉዞ ርካሽ አይደለም። ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ እያለ ለራስ ይህን ማውጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የስዊድን የቱሪስት ማኅበር አባል ከሆናችሁ የጎጆው ዋጋ ይቀንሳል። ዕቃውን ደግሞ አትግዙ። ፍሪቲድስባንከን የሚባል የስፖርት ዕቃ የሚያበድር አገልግሎት በብዙ ከተሞች አለ፤ ለ14 ቀን በነጻ ያውሳችኋል፤ ቦርሳ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመሄጃ በትር ጠይቁ። ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውሉት። ጫማው የናንተ ይሁን፣ አስቀድሞ በእግራችሁ ይለምድ። ተረከዛችሁ ሞቅ ያላችሁ ጊዜ፣ ገና ሳይላጥ፣ ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ፤ "ትንሽ ልሂድ" ብላ ያለፈች ሴት ማታ እንባ በእንባ ናት።

አንዲት እህት ስገባ በር ላይ "ባለቤቴ አብሮኝ መሄድ ይፈልጋል፤ ልከልክለው?" ብላ ጠይቃኛለች። አትከልክዪው። መጀመሪያ ከኛ ጋር ነይ፣ በሚቀጥለው በጋ ከሱ ጋር ሂጂ፤ ካርታውን ግን አንቺ ያዢ።

ልምምዱን የምንጀምረው በመጪው ቅዳሜ ነው። ሰርምላንድስሌደን የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ከስቶክሆልም፣ ከቢዮርክሃገን የምድር ባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው በር ላይ ጠዋት በስዊድን አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ። ተራራ ላይ የምትለብሱትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል ክብደት ከታችሁ ኑ፤ ጤፍም ይሁን ውኃ ግድ የለም። ልጅ የሚይዝላችሁ ያጣችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ የመጀመሪያው ቀን አጭር ነው። ካርታዎቹን እኔ አመጣለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ።